የመሊካ ጠባሳ

«ስሜን ይሰርዙልኝ» አለች ፈሪዳ።

መምህር ውብሸት የሻዩን ብርጭቆ ሳይቀምሰው አስቀመጠ። የፈሪዳ እናት መሊካ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለቅሶ ሊደርስ ሶማሌ ተራ ድረስ መጥቶ፣ ከቀበሌ በተዋሱት አግዳሚ ላይ ፈሪዳ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ የሰኞውን ጉዳይ አነሳባት። ሐኪሞች ትምህርት ቤት መጥተው «ቀዶ ሕክምና መማር የሚፈልግ?» ሲሉ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሴቶች እጇን ያወጣች እሷ ብቻ ነበረች። ሰኞ የተመዘገቡት ሆስፒታል ሄደው ኦፕራሲዮን ክፍሉን ሊያዩ ነው።

«አንቺ ከቀረሽ ሌላ ሴት የለችም» አላት።

«እማዬ አልወደደችውም።»

አልወደደችውም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መሊካ ቀኑን ሙሉ አቡጀዲ ስትሸጥ የምትውል፣ ሳቋ ሦስት ሱቅ አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። ፈሪዳ ጉዳዩን የነገረቻት እሑድ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰው እንድታርጂ ነው ያስተማርኩሽ?» አለቻት። ተኮራረፉ። ሐሙስ መሊካ ሱቋ ውስጥ ወድቃ ቀረች፤ የደም ግፊት ነው አሉ። ፈሪዳ ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ክው እንዳለች ናት፤ ዕንባ የሚባል ከዓይኗ ጠፍቷል።

ሌላም ነገር ነበር። የእናቷን ጀናዛ ያጠቡት እሷና አክስቷ ጠሂራ ናቸው። ገላዋ እንደተሸፈነ፣ ፈሪዳ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከሥር ስታጥብ፣ ከእናቷ እምብርት ቁልቁል የወረደ ወፈር ያለ ጠባሳ ነካች። እስከ ታች ጫፉ ዳሰሰችው። ጠሂራ አየቻት። አጣቢ ከሟች ገላ ላይ ያገኘችውን አታወራም፣ አደራ ነው። ፈሪዳም ሦስት ቀን ዝም አለች።

መምህሩ ሊነሳ ሲል ጠሂራ ከሴቶቹ መሀል መጣች።

«መምህር፣ ደጅ ትንሽ ይጠብቁን» ብላ ፈሪዳን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ያን ጠባሳ ያወቅሁት ሳጥባት አይደለም፤ ስለዚህ ብናገር አደራ አልበላሁም። በጃንሆይ ጊዜ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አምጣ አልወጣ ስትይ ሆዷን ቀደዱት። አንቺን ሰጧት፤ ሌላ አትወልጂም አሏት። አባትሽም በዓመቱ ወላድ አገባ።»

ፈሪዳ ግድግዳውን ተደገፈች። «ታዲያ ለምን ደበቀችኝ?»

«ከሰው ሁሉ ደብቃለች። በተኮራረፋችሁ ማግስት ግን እላዬ ላይ አለቀሰች። ‹ልጄን እዚያ ክፍል መልሼ ልስደዳት?› አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ‹ያኔ አንዲት ሴት ሐኪም ብትኖር እንደዚያ ባልፈራሁ› አለች። ለጁምዓ ልትነግርሽ ወስና ነበር።»

ፈሪዳ ከግድግዳው ተላቀቀች። ከዚያ «አክስቴ፣ አይሰርዙኝ በይልኝ» አለች።

ጠሂራ ወጣች። ፈሪዳ ብቻዋን ስትቀር እጇን በሻርፗ ሥር አስገብታ፣ አውራ ጣቷን እምብርቷ ላይ አሳረፈች፤ ሌሎቹን ጣቶች በእናቷ ገላ ላይ ጠባሳው ያበቃበት ቦታ እስኪደርሱ ቁልቁል ዘረጋች። እሷ የወጣችበት አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። እጇን ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች።