በኩሩ የአያት ነው

አልዲያር ገና ጥርስ ሳያወጣ የገዛ አባቱ ታናሽ ወንድም ሆነ። ለዚህ ዳኛም ሽማግሌም አላስፈለገም፤ የእናቱ የራውሻን ይሉኝታ በቂ ነበር። ከማዋለጃ ክፍል በወጣች ዕለት አማቷ ኩልያሽ ሕፃኑን ተቀበለች፤ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ አፍንጫውን አየችና፣ "በኩሩ እንግዲህ የእኛ ነው" አለች። ራውሻን ደክሟታል፣ ርቧታል፤ በዚያ ላይ አማት ፊት "አይሆንም" ማለት በዚያ መንደር የምራት ወግ አይደለም።

"የእርስዎ ነው እንጂ እማማ፣ የማን ሊሆን!" አለች።

ራውሻን የከተማ ልጅ ናት፤ በመንደሩ በኩር ልጅን አያቶቹ ወስደው እንደሚያሳድጉት አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ "ቤቱ የእርስዎ ነው" እንደሚባለው መስሏት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንግዳዋ ቤቱን ወሰደችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዲያር የሚተኛው ከኩልያሽ ጋር ሆነ። ሲርበው ወደ ራውሻን ይላካል፣ ሲጠግብ ይመለሳል። አፉን ሲፈታ ኩልያሽን "እማዬ"፣ ባሏን ሽማግሌውን ሳጊንን "አባዬ" አለ። የወለደችውን "ላውሳ" ይላታል፤ ራውሻን ማለቱ ነው። ሳጊን ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል፤ ራውሻንም ምራት ናትና አብራ ትስቃለች።

ልጁ የዋዛ ልጅ አልነበረም። የአባቱን ስልክ እርጎ ውስጥ ከቶታል። የአንድ እግር ጫማውን ሊጥ ውስጥ ቀብሮ፣ ሊጡ ኩፍ ሲል ጫማውም አብሮ ብቅ ብሏል። ሱሪ ካላለበሱት ያለቅሳል፣ ካለበሱት ደግሞ ያወልቃል። የበግ በጠጥ ዘቢብ መስሎት ቀምሶ፣ አለመሆኑን ካወቀ በኋላም ጨርሶታል። ይህን ሁሉ የምታጸዳው፣ የምታጥበው፣ የምትቆጣው ኩልያሽ ናት። ራውሻን አንድ ቀን፣ "እማማ፣ ዛሬ እኔ ላጥበው?" ብላ ለመነች።

"አንቺ ወገብሽን አሳርፊ" አለቻት ኩልያሽ፣ የልጁን ቂጥ ወደ ራሷ እያዞረች።

የገዛ ልጅን ቂጥ ለማጠብ ተለምኖ መከልከል ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም። ራውሻን ክፍሏ ገብታ ንጹሕ ልብስ ደግማ አጠበች።

ባሏ የርደን ለዚህ ነገር አይረዳም። የርደን ከየመንደሩ ወተት የሚሰበስብ መኪና ይነዳል፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ነገር ቶሎ አይገባውም። "ምን አለበት?" ይላታል። "እኔንስ አያቴ አይደለችም ያሳደገችኝ? ምን ጎደለኝ?"

ራውሻን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። የጎደለው ብዙ ነበር። ግን ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም ትላለች።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ኩልያሽ ላም ለማለብ በረት ስትገባ፣ ራውሻን አንድ ዘቢብ በሁለት ጣቷ ይዛ ልጁ ፊት ትንበረከካለች። ደረቷን መታ መታ እያደረገች፣ "እማዬ በል። እማዬ" ትለዋለች። አልዲያር ዘቢቡን ያያል፣ እሷን ያያል፣ "እማዬ!" ይላል፤ ዘቢቡን ይቀበላል። ራውሻን ቀኑን ሙሉ በደስታ ትውላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ትምህርቱ ሰመረ።

ሰመረ ነው ያልነው? አንድ ቀን ምሳ ላይ አልዲያር እጁን ወደ ገበታው ዘርግቶ፣ "እማዬ! እማዬ!" አለ።

"እዚህ አለሁ የኔ ጌታ" አለች ኩልያሽ፣ ልታቅፈው እየተጠጋች።

ልጁ ገፍቷት አለቀሰ። "እማዬ!" እያለ ወደ ዘቢቡ ሳህን ተንጠራራ። አንዱን ሲሰጡት ዝም አለ። ዋጠውና እንደገና "እማዬ!" አለ።

ሳጊን ሻዩን አስቀመጠ። "ይህ ልጅ ዘቢብን ነው እማዬ የሚለው" አለ። "ማን ነው ያስተማረው?"

ራውሻን ዳቦ ለመቁረስ አጎነበሰች። ኩልያሽ አንድ ጊዜ ብቻ አየቻት። የመጨረሻውን ዘቢብ ለልጁ ሰጠችው፤ ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ጠዋት ግን በረት ውስጥ ጠራቻት። ላሟ ሥር ተቀምጣ እያለበች ነው። "ሁለተኛው ያንቺ ነው" አለች ዞር ሳትል። "ሕጉ ይኸው ነው። ምን አስቸኮለሽ?"

ራውሻን በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአማቷ መልስ ሰጠች። "ካልመጣስ እማማ?"

ኩልያሽ ማለቧን አቆመች። ላሟም ምን ተፈጠረ ብላ ዞር አለች።

"እኔም እንዲሁ ተብያለሁ" አለች ኩልያሽ፣ የመኖ ዋጋ እንደምትናገር ሁሉ። "የርደንን ተቀበለችኝና፣ 'ሁለተኛው ያንቺ ነው' አለችኝ አማቴ። ሁለተኛው አልመጣም። ስጠብቅ ስጠብቅ አረጀሁ። የወለድኩት ልጅ እሷን እማዬ እያለ፣ እኔን በስሜ እየጠራ ጺም አወጣ። አፈር ስንመልስባት እንኳ 'እማዬ' እያለ ያለቀሰው ለሷ ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ መሐረብ አቀብለዋለሁ። ልቀማሽ ብዬ አይደለም። ተራዬ ነው። ባልዲውን አቀብዪኝ።"

ራውሻን ባልዲውን አቀበለቻት። ወዲያው ከግቢው የየርደን ድምፅ መጣ።

"ኩልያሽ! ካልሲዬን አይተሻታል? አንዷን!"

"ምድጃው ላይ ናት!" አለች ኩልያሽ።

ራውሻን ይህን ጥሪ ከተዳረች ጀምሮ በየቀኑ ስትሰማው ኖራለች። ያን ጠዋት ግን ገና መስማቷ ነበር። አማቷን ልትጣላ የያዘችው ነገር ሁሉ ጠፋባት፤ ልጇን ግን አሁንም ትፈልገዋለች። ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት አንዲት ቃል ተርበው ተቀምጠዋል፤ ቃሏን ለሁለቱም ማዳረስ የሚችለው ደግሞ አንዷን ካልሲውን አጥቶ ግቢ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሟል።

ከሰዓት በኋላ የወተት መኪናው ላይ ወጥታ የርደን አጠገብ ተቀመጠች።

"እናትህን እማዬ በላት" አለችው።

"ማንን?"

"እናትህን።"

"ኩልያሽን?" የርደን ሞተሩን አጠፋ። "እማዬማ ሞታለች።"

"እሷ አያትህ ናት።"

"አያቴ መሆኗን አውቃለሁ። እማዬ ግን እሷ ናት።" ወደ ራውሻን ዞረ። "ኩልያሽ ቅር ይላታል እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ወይ ዛሬ ትገድለኛለህ ወይ ነገ! አንድ ቀን በላት። እሁድ ሰው በተሰበሰበበት። ከዚያ እኔ ደግሞ የራሴን ልጅ እጠይቃታለሁ።"

"እማዬ" አለ የርደን፣ መሪውን እያየ። ጆሮው ቀላ። "አይ፣ አልወጣ አለኝ። አንቺ አንድ ጊዜ አባትሽን በስሙ ሚርዛ ብለሽ ጥሪው እስቲ፤ እንደዚያ ነው።"

ቢሆንም ሞከረ። ራውሻን ልብስ ስታሰጣ ከበረቱ ኋላ ትሰማዋለች፦ "እማ... እማዬ... እማዬ፣ ወተቱን... ኩልያሽ... አይ!" ላሟ ብቻ ናት የምታዳምጠው፤ እሷም አንድም ቀን አልመለሰችለትም።

እሁድ የአልዲያር እግር የሚፈታበት ቀን ነበር። ልጅ ቆሞ መሄድ ሲጀምር ሁለት እግሩን በጥቁርና ነጭ ገመድ ያስሩትና እግረ ፈጣን ሴት ገመዱን ትቆርጥለታለች፤ የቆራጯ እግር ለልጁ ይተርፋል። የየርደንን ማን እንደቆረጠለት የሚያስታውስ የለም፤ ራውሻን ኤሊ ሳትሆን አትቀርም ትላለች። ለአልዲያር የተመረጠችው ጎረቤታቸው ዛምዛጉል ናት። ዛምዛጉል ገበያ ደርሳ ስትመለስ ጥዳው የሄደችው ውሃ ገና አልፈላም ይባላል፤ ወሬም እንዲሁ ቶሎ ታደርሳለች።

ግቢው ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ። በግ ታረደ፤ ባውርሳክ የሚሉት ሊጥ በዘይት ተጠብሶ ተቆለለ፤ ከረሜላ ተበተነ። ልጁን እግሩን አስረው ጨርቁ ላይ አቆሙት፤ የርደን ብብቱን ይዞታል። ዛምዛጉል ቢላዋዋን ይዛ እየሮጠች መጣችና ገመዱን ትገዘግዝ ጀመር። ቢላዋው ዶልዱሟል። ገዘገዘች፣ ገዘገዘች። አልዲያር ታከተውና በቂጡ ዝርፍጥ ብሎ ከረሜላ ከነልባሱ አፉ ውስጥ ከተተ።

"ይሄማ እንጨት መቁረጥ ሆነ!" አለ ሳጊን። "መቀስ አምጡ!"

የርደን ቀና አለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"እማዬ!" አለ የርደን፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎ። "እማዬ፣ መቀስ!"

የርደን እማዬ የሚላት ማን እንደሆነች መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የት እንደተቀበረችም ያውቃል። ዛምዛጉል "ቢስሚላህ" ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሻይ ስትቀዳ የነበረችው ኩልያሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፤ ሻሿን አስተካከለች፤ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አደረገች፤ ከዚያ ወደ ግቢው በር ዞራ፣ እጇን አጣምራ፣ የሞተችው አማቷ እስክትገባ ጠበቀች።

ራውሻን መሬት ተከፍታ ብትውጣት፣ ይህን ባታይ በወደደች።

"አንቺን ነው" አለ የርደን ቀስ ብሎ። "እማዬ። አንቺን ነው የምልሽ።"

ኩልያሽ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ "መቀስ" አለችና ቤት ገባች። ገብታ ቀረች። እንግዶቹ ባውርሳካቸውን ማየት ያዙ። ሳጊን ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ ራውሻን ተከትላት ገባች።

ኩልያሽ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መቀሱ ጭኗ ላይ ነው።

"መቀሱን አጣሁት" አለች።

"እሺ እማማ።"

"አንቺ ነሽ ያስባልሽው።"

ራውሻን ልትዋሽ አሰበችና ተወችው። "እኔ ነኝ።"

"ልጁን እንድመልስልሽ።"

"አዎ እማማ።"

ኩልያሽ መሬት መሬቱን አየች። "ጎበዝ ነሽ" አለች። "እኔ ያን ጊዜ ይህ ብልሃት አልመጣልኝም። ልቅሶ ብቻ ነው የመጣልኝ፤ እሱም በረት ውስጥ።" መቀሱን አነሳች። "ከልቡ ነው ያለው?"

"አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከላሟ ጋር ሲለማመድ ነበር።"

"ከላሟ ጋር!" ኩልያሽ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "ለካ ለዚህ ነው ወተቷ የቀነሰው።"

ተያይዘው ወጡ። ዛምዛጉል ገመዱን በመቀስ ቆረጥ አደረገችው፤ እልል ተባለ። ኩልያሽ እንደ ወጉ ልጁ በሚሄድበት በጨርቁ ጫፍ ላይ ቆመች። ራውሻን ደግሞ ምራቶች በሚቆሙበት በዳር በኩል የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች።

"ሂድ!" አለች ኩልያሽ፣ ድምፅዋ ትንሽ እየተሰበረ። "ሂድ ወደ እናትህ!"

አልዲያር ምንም አላመነታም። እጁን እያወዛወዘ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኩልያሽ መጣ።

ኩልያሽ ወደ ራውሻን ዘርግታው የነበረውን እጇን አወረደች። ዞር ብላ ከራውሻን እጅ ትሪውን ነጠቀችና ለሳጊን አስያዘችው፤ ሳጊን በሕይወቱ ትሪ ይዞ አያውቅም። ራውሻንን በክርኗ ጎትታ ራሷ በቆመችበት ቦታ አቆመቻትና ከኋላዋ ተሸሸገች።

ልጁ ቆመ። የሆነው ነገር አላማረውም። ተቀመጠ፣ አንድ ከረሜላ አነሳ፣ ተነሳ። "እማዬ! እማዬ!" እያለ ወደ ፊት መጣ፤ የራውሻንን ቀሚስ ጨምድዶ ያዘና በግራ በኩል አሾለቀ። ኩልያሽ ወደ ቀኝ ሄደች። በቀኝ አሾለቀ። ኩልያሽ ወደ ግራ ሄደች። አልዲያር ቀሚሱን የያዘው ሊያልፍ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ራውሻንም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ልጁ ጀርባውን ቀስት አድርጎ ጮኸ። ጫማው አገጯን መታት። ራውሻን ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከምቱ ይሁን ከሌላ አልለየችውም።

ኩልያሽ ከጀርባዋ ሳትወጣ፣ "አጥብቀሽ ያዢው፤ ይራገጣል" አለቻት። "ሲተኛም ይራገጣል። በግድግዳው በኩል አስተኚው።"