ከአሥራ ሦስት እስከ አርባ

ጸደንያ የቀሩትን ፋይሎች በሙሉ መርጣ ልታጠፋ ስትል ስልኳ ጮኸ። ሞጣ ከተማ በከፈተችው የጽሕፈት ቤት ያለው ኮምፒውተር ሞልቶ መንፏቀቅ ከጀመረ ሳምንት አልፎታል። ጠዋት የድሮውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አስወጥታ፣ ጥሎት የሄደውን ትርፍራፊ እየጠረገች ነበር። ከፍታ ብታየው አንዱም አይነበብም፤ የፈረንጅ ፊደልና ነጥብ የተደበላለቀበት ዝባዝንኬ ነው።

የደወለችው ወለተ ሐና ናት፣ ከቢቸና።

“ጸዲዬ፣ የአባባን ቅኔ ተይበሽልን የለ? ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ምስጥ ጨርሶታል። ለሙት ዓመታቸው ልናሳትመው ነው። አንቺ ዘንድ አለ አይደል?”

“አለ እንጂ! ምን ይሆናል ብለሽ ነው?”

አፏ ቀደማት። የወለተ ሐና አባት የኔታ ባንተአምላክ አጠገቧ ተቀምጠው እያንዳንዷን ፊደል እያረሙ ያስተየቧት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ስልኩን ዘግታ ሰነድ የምታስቀምጥበትን ፎልደር ፈተሸች፤ የለም። ፍላሾቿን አንድ በአንድ ሰካች፤ የለም። ያ የድሮ ፕሮግራም ካልከለከሉት በቀር ሁሉንም በራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥ እንደነበር ትዝ ያላት ይሄኔ ነው።

ወደ ዝባዝንኬው ተመለሰች። ፊደሉን ትታ መስመሩን ቆጠረች። በአንዱ ፋይል ሁለት፣ በቀጣዩ ሦስት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ስምንት። የራሷም አባት የቅኔ ሰው ነበሩና ይህን ለማወቅ ፊደል አላስፈለጋትም፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ መወድስ ስምንት። ፕሮግራሙ ሲወጣ የራሱን ፊደል ይዞ ሄደ እንጂ የየኔታ ቅኔስ ቁጭ ብሏል።

“ተመስገን!” አለች ጮክ ብላ።

ከዚያ የፋይሎቹን ቁጥር አየች። ከአሥራ ሦስት ጀምሮ አርባ ላይ ያበቃል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ጠዋት ጠርጋ፣ የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫትም ባዶ አድርጋዋለች።

“ልጄ፣ ማመልከቻዬ ደረሰልኝ?” አሉ ደንበኛዋ እትዬ ውበቴ በሩ ላይ ቆመው።

አንድ ባለሙያ የነገራት ነገር አለ፤ የጠፋ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ጨርሶ አይጠፋም። አንዲት ማመልከቻ እንኳ ብትተይብ በየኔታ ላይ መጻፏ ሊሆን ነው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ይህ ማሽን ዛሬ አይነካም።”

የቀሩትን ሃያ ስምንቱን በፍላሽ ገልብጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ሶኬቱን ነቀለች። የኔታ የሉም፣ ደብተሩም የለም፤ ሃያ ስምንት ነበር ብትል ማን ይቆጥርባታል? ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት። ስልኩን አነሣች።

“ወለተ ሐና፣ ቅድም አለ ያልኩሽ ሳላይ ነው። አሥራ ሁለቱን በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ደብረ ማርቆስ ባለሙያ ጋ ልሄድ ነው። ይገኝ አይገኝ ግን አላውቅም።”