በእጅም በሞተርም

ዕፀገነት መዘውሩን በሁለት ጣቷ ይዛ በቀስታ አዞረችው። ከላይ የተጫነው፣ ራሷ ይዛው የመጣችው ጥቁር የቴሌስኮፕ ቱቦ ፀጉር ታህል ፈቀቅ አለ፤ ስታቆም ቆመ። ደግማ አዞረችው። ስምንት ወር ሙሉ ስትለምን የከረመችው ይኸንን ነበር፤ ሲያዙት የሚሄድ፣ ሲተዉት የሚቆም ነገር።

«እሱን ተይው» አለ ሓይሉ ከኋላዋ። «ቀለሙ የተላላጠ ብረት ተሸክመን ብንሄድ ጎብኚዎቹ ምን ይሉናል?»

ገና በጠዋቱ ደሟን አፈላው።

ያሉት ከገዳሪፍ ገበያ ጀርባ፣ የጣሃ ሱቅ ግቢ ውስጥ ነው። ጣሃ ያገለገለ ዕቃ ይነግዳል፤ ከካርቱም የሸሸ የትምህርት ቤት ባለቤት የሸጠለትን ሁለት የቴሌስኮፕ ማቆሚያ ጎን ለጎን አቁሞላቸዋል። አንደኛው ነጭና አዲስ ነው፤ በቁልፍ ታዝዞ በሞተር ብቻ ይዞራል። ሁለተኛው አሮጌ ነው። እሱም ትንሽ ሞተር አለው፤ ኃይል ሲጠፋ ግን እንደ መኪና ፍሪሲዮን ለቀቅ ይደረግና በእጅ መዘውር ይነዳል። ዋጋቸው እኩል ስለሆነ የጭቅጭቃቸው ሰበብ ብር አልነበረም።

ዕፀገነት መተማ ላይ ፊዚክስ ታስተምር ነበር፤ አሁን የምታስተምረው በኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ነው። ሓይሉ የመጠለያውን ትምህርት ቤት የሚረዳው ድርጅት አስተባባሪ ነው፤ የሚመርጠውም የሚፈርመውም እሱ ነው። ዛሬ ካልፈረመ ግዢው ይዘጋል። ድርጅቱ ቴሌስኮፑን ሲሰጥ አብሮት የመጣው ማቆሚያ ባለ ሞተር ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጀነሬተሩ ኃይል ለቀቀበትና ሞተሩ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ሊዞር ንቅንቅ አላለም። ማንም እሷን አልጠየቃትም፤ ለስደተኛ ምን አነሰው ተብሎ የተላከ ነው። ቱቦውን በማሽላ ጆንያ ላይ እያስተኛች ሠላሳ ስምንት ልጆች ለማሳየት ሞከረች። አንዱ ሲያይ ይነቀንቀዋል፣ ቀጣዩ ባዶ ሰማይ ያያል። ኣድያም የምትባል ተማሪዋ በየሳምንቱ «ቲቸር፣ በደንብ የምናየው መቼ ነው?» ትላት ነበር። ከፋሲካ ወዲህ መጠየቋን ትታለች። ከሁሉ ይበልጥ ዕፀገነትን ያንገበገባት የዚህች ልጅ ዝምታ ነው።

«መጠለያው መብራት እንደሌለው እርስዎም ያውቃሉ፣ አቶ ሓይሉ።»

«ሶላር አለ።»

«ሶላሩ የክሊኒኩን ማቀዝቀዣ እንኳ አልቻለው! ሌላ ላም አለኝ በሰማይ ልንገዛ ነው?»

«መምህር፣ ነገር ታከብጃለሽ። ሐሙስ ጎብኚዎች ይመጣሉ። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ጨረቃን ማሳየት ነው። በይ አስገቢና ሞክሪው።»

የነጩን መቆጣጠሪያ እጇ ላይ አኖረላት። የጣሃ ተላላኪ መስላው ይሆን? ጣሃ የመኪና ባትሪ አምጥቶ ገመዱን ሰካ፤ ቱቦውንም ከአሮጌው ነቅሎ በነጩ ላይ አሰረው። በምዕራብ በኩል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ፣ ግማሿ የጎደለ ጨረቃ ገርጥታ ትታያለች። ዕፀገነት ጥርሷን ነክሳ ቁልፎቹን ቀጠቀጠቻቸው። የቦታውን ስም አስገባች። ቀኑንና ዓመቱን በፈረንጅ አስገባች፤ ለድርጅቱ ሪፖርት ስትጽፍ ለምዳዋለች። ሰዓት ሲጠይቃት የእጇን ሰዓት አየችና ሦስት ሰዓት ብላ ሞላች። «ጨረቃ» የሚለውን ተጫነች።

ሞተሩ አጉረመረመ። ቱቦው ቀና ብሎ ዞረ፣ ዞረና በምሥራቅ በኩል ቆመ።

«ይኸው!» አለ ሓይሉ፤ ወደ ዓይን ማያው ጎንበስ አለ።

ዕፀገነት በነጭ ሸሚዙ ደረት ላይ ሳንቲም የምታክል የምታንጸባርቅ ብርሃን አየች። ብርሃኗ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ አገጩ ወጣች።

«አትይ!»

በሁለት እጇ ገፈተረችው። ሓይሉ ከጎማ ክምር ጋር ተላተመ። እሷ ሻርፗን ከራሷ ገፍፋ በቱቦው አፍ ላይ ጣለች። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ፤ የሓይሉ ሸሚዝ ከኪሱ በላይ ቡናማ ጠባሳ አውጥቶ ነበር።

«ፀሐይ ላይ ነው የቆመው» አለች። «ዓይንህ ይጠፋ ነበር።»

ሓይሉ ድንጋጤው ሁሉ ጣሃ ላይ ፈነዳ። «የተበላሸ ዕቃ ነው የምትሸጥልን? አንተ ሌባ! ለስደተኛ ልጆች መሆኑን እያወቅህ!»

«ወላሂ ደህና ነው፣ ያ ሙዲር፣ አለቃዬ!» የጣሃ ፊት ዐመድ መሰለ። «ትናንት ሞክሬዋለሁ። ሃያ ዓመት ሱቅ ስይዝ ሌባ ያለኝ ሰው የለም። ያ ኡስታዛ፣ አንቺ መምህሯ ተናገሪ!»

ዕፀገነት መቆጣጠሪያውን አየችው። ሦስት ሰዓት ይላል። እጇን አየች፤ ሦስት ሰዓት ይላል። ጠዋት ሦስት የሚለው አገሯና መጠለያው ነው፤ ማሽኑ በፈረንጅ ይቆጥራል፤ ሦስት ሲባል የሚያውቀው የሌሊቱን ዘጠኝ ነው። ጨረቃዋ በዚያ ሌሊት ወደነበረችበት ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ አሁን በዚያ ቦታ ፀሐይ ቆማለች። ፊዚክስ አስተማሪ! ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ባላት።

ዝም ብትል ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው። ሓይሉ ነጩን አይነካውም፣ አሮጌውን ይገዛል፣ ኣድያም በሳምንት ውስጥ ታያለች። ጣሃ ብቻ ከሃያ ዓመት ንግድ በኋላ ሌባ ሆኖ ይቀራል። ጣሃ በልመና ዓይን ያያታል። እንዲያ ማየቱ ራሱ አናደዳት።

«ዕቃው ደህና ነው» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ስድብ ወጣ። «ስህተቱ የኔ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አስገባሁ።»

ጣሃ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ በጎማው ላይ ተቀመጠ። ሓይሉ ግን ቀስ በቀስ ሳቀ።

«አየሽ? ማሽኑ ንፁህ ነው። ሰዓት መሙላት ትማሪያለሽ፣ አለቀ።»

«ሠላሳ ስምንቱም ልጆች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኔ ነው። ስንት ዓይን አጥፍተን ነው የምንማረው?»

«ማስታወቂያ እንለጥፍበታለን።»

ማስታወቂያ! ሓይሉ ራሱ ዘጠኝ ብሎ ሞላ፤ ቱቦው ወደ ምዕራብ ዞሮ ቆመ። ዕፀገነት ሻርፗን አነሳች፣ ብርሃን አለመኖሩን በመዳፏ አረጋገጠች፣ ከዚያ አየች። ጨረቃዋ መሃል ላይ ነበረች፤ ጉድጓዶቿ ከነጥላቸው ይቆጠራሉ፤ ሞተሩ እየተከተላት ከመሃል አልወጣችም። አምሮባት ነበር፣ አትክድም። አሮጌውም እኮ ሞተር ያለው ለዚሁ ነው።

ሓይሉ አየና አፉን ከፈተ። «እግዚኦ! እንዲህ ናት እንዴ?» ዓይኑን ሳያነሳ እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ እስክሪብቶ አወጣ። «ጣሃ፣ ወረቀቱን አምጣ። ነጩን ነው።»

ዕፀገነት ጎንበስ ብላ ገመዱን ከባትሪው ነቀለችው።

ማጉረምረሙ ቆመ።

«ምን አደረግሽ?»

«ከህረባ ማፊ» አለችው በጣሃ ዓረብኛ፤ መብራት የለም ማለቷ ነው። «መጠለያው ይኸ ነው። ዓይንህን አታንሳ፣ እየው!»

ሊቆጣ ነበር፤ ግን ማየት ጀምሯል፣ መተውም አልቻለም። ጀርባው ጎብጦ ቆየ። ከገበያው የአህያ ጋሪ ጩኸት ይሰማል። አንድ ደቂቃ አለፈ።

«እየሄደች ነው» አለ።

ሓይሉ እጁን ሰዶ ቁልፉን ተጫነ፤ ደግሞ ተጫነ። ቱቦውን በመዳፉ ገፋው፤ ሦስቱ እግሮች መሬቱን ፋቁ እንጂ ቱቦው አልዞረም። በኃይል ገፋው። ማርሹ እንደ ቆለፈ ነው።

«ግማሿ ቀረ… ጠርዟ ብቻ…» ድምፁ አነሰ። ዓይኑን ግን ከማያው አልነቀለም።

«መልሻት» አለ።

«በምኔ?» አለች ዕፀገነት፣ እጇን በአሮጌው መዘውር ላይ አሳርፋ።