ወድቃ የሰማችው

መምህርት ፈንታነሽ ከልቧ የሳቀች እንደሆነ ጉልበቷ ይከዳታል። አንገቷ ዘንበል፣ እጇ ዝልፍልፍ ይልና ባለችበት ትወድቃለች፤ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ትነሣለች። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላታል። ወንበር ላይ ዓይኗን ገና ስትከድን ሕልም ይመጣባታል። ሞጣ ባዮሎጂ ስታስተምር ይህን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እንደ ወንድሟ ለምታየው ለጂኦግራፊው መምህር ለስጦታው።

የምክትል ርዕሰ መምህርነቱ ቦታ ሲከፈት ሁለቱ ተወዳደሩ። በወላጆች ቀን ፈንታነሽ አዳራሹ ፊት ቆማ ስትናገር ስጦታው ማይክ የሚያስተካክል መስሎ ተጠጋትና የርዕሰ መምህሩን የአቶ ቀለሙን ጉሮሮ አጠራረግ በጆሮዋ አስመሰለላት። ያ ነገር በሳቅ እንደሚገድላት ያውቃል። ሳቋ ከሆዷ ፈንቅሎ ሲወጣ መድረኩ ላይ ተዘረረች።

ስጦታው ማይኩን አነሣ። «ይቅርታ አድርጉልን ወላጆች፤ እኅታችን ዛሬም ከጠዋት ጀምራለች» አለ። ከዚያ ሊያነሣት ጎንበስ እንዳለ አጠገቡ ለነበረው ለሒሳብ መምህሩ ለየኔሰው በሹክሹክታ «አላልኩህም? ማሳቅ ብቻ ነው» አለው።

ፈንታነሽ የዓይኗን ቆብ እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለችም፤ ግን አንዲት ቃል አላመለጠቻትም።

ቦታው የስጦታው ሆነ። ተማሪዎች ሰሌዳዋ ላይ የአረቄ ጠርሙስ ሣሉባት። ተዛውራ ቢቸና ታላቅ እኅቷ ማናለሽ ቤት ገባችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ማናለሽ ግን አንገቷን ነቀነቀች።

«ራስሽን ስተሽ ወድቀሽ እንዴት ትሰሚያለሽ? መስሎሽ ይሆናል፣ እኅቴ።»

ከስጦታው ተንኮል ይልቅ ይህ አንገበገባት። እኅቷ ያላመነቻትን ማን ያምናታል?

በሁለተኛው ዓመት ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ብዙ ጠየቃት፤ ደጋግሞ መረመራት። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ደረጃ ደረጃ አድርጎ ሣለላት።

«እንቅልፍ አንድ ወጥ አይደለም። መጀመሪያ ቀላሉ፣ ቀጥሎ ጥልቁ፣ ከዚያ የሕልሙ ይመጣል። በሕልሙ ጊዜ አንጎላችን እንደነቃ ሰው ይሠራል፤ ጡንቻችንን ግን ይፈታዋል። ባይፈታውማ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወርድ ነበር። ሌላው ሰው እዚያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። አንቺ ግን ዘለሽ ትገቢያለሽ። ያ የጡንቻ መፈታት ደግሞ ሳቅ ወይም ብርቱ ደስታ ሲመጣብሽ በቁምሽ ይይዝሻል።»

«ስወድቅ እሰማለሁ፣ ዶክተር።»

«ትሰሚያለሽ እንጂ! የተፈታው ሰውነትሽ ነው፤ አንቺማ ነቅተሻል።»

«እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉልኝ። ማኅተም ይኑረው።»

ያዘዘላትን መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ፣ ወረቀቱን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ቢቸና ተመለሰች። የሞጣውን ትምህርት ቤት የሚቀጥለውን የወላጆች ቀን ስምንት ወር ጠበቀች። የምትናገረውን በየቀኑ፣ ልብስ ስታጥብም ሽሮ ስታማስልም፣ ቃል በቃል ታጠናው ነበር። ቀኑ ሲቃረብ አቶ ቀለሙ ጋ ደውላ ስለ እንቅልፍ ጤና አሥር ደቂቃ እንዲሰጧት ጠየቀች። ሽማግሌው ድሮም በነገሩ ሲጸጸቱ ኖረዋልና እሺ አሏት።

ማይኩን ያቀበላት ራሱ ስጦታው ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት ጥርሱን ገልጦ። እሷም አመስግና ሐኪሙ ያስረዳትን ጀመረች። ስጦታው ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቃል።

«እንደዚህ ያለ ሰው ሲወድቅ» አለች ወረቀቱን ከፍ አድርጋ፣ «ራሱን አይስትም። ሁሉን ይሰማል።»

የስጦታው አንገት ቀጥ አለ።

ፈንታነሽ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ያን ዕለት ጮክ ብሎ ያለውንም በሹክሹክታ ያለውንም አንድ በአንድ ደገመችው። አቶ ቀለሙ ተነሡ።

«የኔሰው፣ እውነት ነው? ብሏል?»

የኔሰው ከመቀመጫው ተነሣ። «ብሏል፣ ጋሼ። ሰምቻለሁ።»

የስጦታው ግንባር ላብ አወጣ። ያን ስታይ ፈንታነሽን ደስታ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ ወረራት፣ ጉልበቷም ተፈታ። ስትወድቅ አንዲት እናት ሮጣ ደግፋ አስተኛቻት። ዓይኗ እንደተከደነ አዳራሹ ሲተራመስ፣ አንዱ ወላጅ «ይህ ነው ልጆቻችንን የሚያስተምረው?» ሲል፣ ስጦታው «ቀልድ ነበር እኮ፣ ቀልድ ነበር» እያለ ሲንተባተብ ሰማች። በዕድሜዋ እንደዚያ የጣፈጣት ድምፅ የለም።

በወሩ ከምክትልነቱ ወረደ። ከዚያ ወዲያ መምህራን ክፍል ቀልድ ሲጀምር አንዱ ሌላውን እያየ ዝም ይላል አሉ። አቶ ቀለሙ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ለእርቅ ቢቸና መጡ። ፈንታነሽ ወንበር አቅርባ፣ ምሳ አብልታ አስተናገደቻቸውና እንቢ አለች።

«ልጄ፣ ሰውየው ተዋርዷል። ከእንግዲህ ምን ቢሆን ይበቃሻል?» አሏት።

«እኔም አላውቅም፣ ጋሼ። ሲበቃኝ እደውልልዎታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ በመጡበት ሚኒባስ ወደ ሞጣ ተመለሱ። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላ፤ አልደወለችም።