የአባቴ ሞተር ሞላ

አባቴ ማህቴ ረቡዕ ጠዋት የበረዶ ላይ ሞተር ሳይክሉን ጋራዤ ውስጥ አስገብቶ ሲያቆም ሰላምታውን እንኳን በቅጡ አልጨረሰም። "የኋላውን ሞላ አስተካክዪልኝ፤ ቅዳሜ የአጋዘን መንጋውን ይዘን ወደ ባሕሩ እንወርዳለን" አለኝ። መንደራችን ካውቶኬይኖ ውስጥ የበረዶ ሞተር ሞላ በማስተካከል ከኔ የሚበልጥ ሰው የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

"ለየትኛው ላድርገው?" አልኩት። "ለተረገጠው መንገድ ወይስ ለጥልቁ በረዶ?"

"ለሁለቱም።"

"ለሁለቱም የሚሆን የለም አባዬ። ለጥልቁ ስል የፊተኛውን ማሰሪያ አላላዋለሁ፤ አፍንጫው ቀና ይልና በረዶው ላይ ይንሳፈፋል። እንደዚያው ሆኖ ወደ ተረገጠው መንገድ ከወጣህ ግን መሪው አይታዘዝህም።"

"ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። መሀል ቤት አርጊው።"

ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ አላልቼ መሀል ቤት አደረግኩለት። ከዚያ የሚቀጥለው መለካት ነው። ሞተሩ ባዶውን ሲቆም የኋላው ብረት ከወለሉ ስንት ከፍ እንደሚል ትለካለህ፤ ባለቤቱ ሲቀመጥበት ደግሞ ትለካለህ። ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ስታይ ሞላው ለሰውየው መጥበቁን ወይም መላላቱን ታውቃለህ። አባቴ ሲቀመጥ ስምንት ሳንቲሜትር ነው ዝቅ የሚለው። አምስት ክረምት ሙሉ ስምንት ነበር፤ ካሉት ሦስት የሞላ እርከኖች ሦስተኛው፣ ጠንካራው ላይ ሆኖ።

"ውጣበት" አልኩት።

የቆዳ ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ። ምድጃው እየነደደ ነው፣ እኔ በሸሚዝ ነኝ።

"አታወልቀውም?"

"ቅዳሜ ራቁቴን ነው እንዴ የምሄደው? ከነልብሴ ለኪ።"

ለካሁ። ስድስት። ሜትሩን ጠቅልዬ እንደገና ዘረጋሁት። አሁንም ስድስት።

"ሞላው በብርድ ደርቆ ነው" አለ ከላይ።

"እዚህ ሙቀት ውስጥ ከገባ እኮ ቆየ።"

"እንግዲያው ዝጎ ነው።"

መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ግራሶ ቀባኋቸው፤ የኋላውን ብረት ይዤ ደጋግሜ ወዘወዝኩት። ምንም የያዘው ነገር የለም። ብለካው ስድስት ነው። "ውረድ" አልኩትና ሜትሩን ለሱ ሰጥቼ እኔው ወጣሁበት። ጎንበስ ብሎ አየ። ሜትሩን ጠቅልሎ እንደገና ዘረጋው።

"ስንት ይላል?"

"ስድስት ተኩል" አለ።

ከነካፖርቱ፣ ከነቦት ጫማው አባቴ ከኔ ቀለለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ አባቴ መጠጥ አይቀምስም፣ የሱን ያወጣው ሞላ ነው።

"ስንት ኪሎ ነህ አባዬ?"

"ስንት አጋዘን አለህ ብትዪኝ ይሻል ነበር።"

እኛ አጋዘን አርቢዎች ዘንድ ሰውን የአጋዘኑን ቁጥር መጠየቅ ኪሱ ውስጥ እጅ እንደመክተት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

"እሺ፣ ስንት አጋዘን አለህ?" አልኩት።

ክው አለ። በሕይወቴ እንደዚህ ደፍሬው አላውቅም። መሬት መሬት እያየ "ስልሳ ስምንት ኪሎ" አለ።

አምና በዚህ ጊዜ ከዘጠና በላይ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከጥቅምት። ምግብ አልወርድ አለኝ። ቋንጣ ካኘክሁ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"ሾርባዬን ወደደልኝ ብላ ደስ ብሏታል።"

እኔ ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ። መፍቻውን ወለሉ ላይ ወረወርኩት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህም? ስድስት ወር ሙሉ በካፖርት ተሸፍነህ ትዞራለህ?"

"አባቴ ትሮምሶ ሆስፒታል በእግሩ ገብቶ በሳጥን ወጣ" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "አንድ ጊዜ ከመንጋው ጋር ልውረድ፣ ከዚያ ያሻችሁን አድርጉኝ። ሞላውንም ተይው፣ ሦስተኛው ላይ ይሁን። አጎትሽ አስላክ ነድቶት ለስልሶ ካገኘው መክሳቴን ያውቃል።"

"ሦስተኛው ላይ ሆኖ ቅዳሜ እንደ ኳስ ነው የሚያነጥርህ።"

"ክረምቱን ሙሉ ሲያነጥረኝ አይደል የከረመው። ወገቤ አልቋል። እሱም በሽታው መስሎኝ ነበር።"

አንጀቴን በላው። ተንበርክኬ ሞላውን ከሦስተኛው ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ለስላሳው አወረድኩት። አልከለከለኝም። ይዞት ወጣና ወንዙ ዳር ባለው ጉብታ በበዛበት መንገድ ደርሶ ተመለሰ። ሞተሩን ካጠፋ በኋላም መሪውን እንደያዘ ቆየ።

"አላመመኝም" አለ።

"የኪሎህ ልክ ነዋ።"

ፊት ለፊቱ ቆሜ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ከምሳ በኋላ ኑ አሉ። እምቢ ይላል ብዬ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቻለሁ፤ ምን ምን እንደምለው ሁሉ ደርድሬያለሁ። እሱ ግን ካፖርቱን ፈታ፣ አወለቀውና መቀመጫው ላይ አኖረው። በሹራብ ብቻ ሳየው ትከሻው የልጅ ትከሻ ሆኗል። እንዳየው ፈልጎ ነው ያወለቀው። መልሶ ለበሰው።

"መፍቻሽን አንሺ" አለኝ።

"ለምን?"

"ለሁለት ሰው አርጊው።"

"ሁለተኛው ማነው?"

"ብቻዬን ነው እንዴ ሐኪም ፊት የምታቆሚኝ?"

መኪናዬ በር ላይ ቆማለች። ስሟንም አላነሳሁ። ሞላውን ለሁለት ሰው አጠበቅኩት፣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ ጋራዡን ዘጋሁ። ስለ ቅዳሜ ማናችንም ምንም አላልንም። ከኋላው ስወጣ "ቀስ፣ በረዶው እንዳይሰነጠቅ" አለኝ፤ "መፍራትስ ያለብህ አንተ ነህ፣ ንፋስ ይወስድሃል" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቶሎ ወደ ለቅሶ ስለሄደብኝ ፊቴን ጀርባው ላይ ደበቅኩት።

ልጅ ሆኜ ከኋላው ስቀመጥ እጆቼ ጎኑ ላይ ነበር የሚቀሩት፤ ካፖርቱን በሁለት ጭብጥ ጨምድጄ ነበር የምይዘው። አሁን ዙሪያውን ሳቅፈው እጆቼ ከፊቱ ተገናኙ፣ አልፈውም ተደራረቡ። እሱም ተሰማው። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ በወፍራም ጓንቱ እጆቼን ሸፈናቸው።

"ያዝሽ?" አለኝ።

"ያዝኩህ አባዬ" አልኩት።