የሠርፀ መስመር

«እትዬ መንበረ፣ የዘፈን መስመሩን እስከ አርባው ዘግቼዋለሁ» አለ ያህያ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «የስልክ ኩባንያው ግን እስከ ነገ ካልተከፈተ ለሌላ እሰጠዋለሁ አለ። ምን ይሻላል?»

«አፈሩ ሳይደርቅ ዘፈን ልታስከፍተኝ? ሰው ምን ይለኛል!»

ያህያ የሠርፀ የሥራ ሸሪክ ነበር።

ታናሽ ወንድሟን ሠርፀን ወባ ከነጠቃት ዛሬ ሠልስቱ ነው። ጁባ ሲመጣ ካስተም ገበያ ጥግ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕና ጭስ የሚተፋ ጄኔሬተር ነበረው፤ ለሾፌሩም ለወታደሩም ስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል። እሷ ደግሞ ባለ ሆቴል! «የቄስ ልጅ፣ ዘፈን ቸርቻሪ!» ብላ አፈረችበት። ደንበኛ ፊት ወንድሜ አትለውም ነበር። ኋላ ተደውሎ ዘፈን የሚሰማበት መስመር ዘረጋ። ኢንተርኔት ብርቅ በሆነበት አገር ተራ ስልክ የያዘ ሁሉ ደወለ፤ ሀብቱም ጎረፈ። «አንዴ እንኳ ደውለሽ ስሚው፣ እታለም» ይላት ነበር። ሥራ አለብኝ ትለዋለች። ምን ሥራ ነበረባት? ምንም!

«ፎቁ ለማን ይሆን? መኪናውስ?» ይንሾካሾካሉ ለቀስተኞቹ ከኋላዋ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ረጅም ሴት ገባች። ኛዳክ ትባላለች፤ ጋምቤላ አድጋ እዚሁ ጁባ፣ ማንጋቴን ሰፈር የምትኖር ናት።

«ማሌሽ፣ እትዬ» ብላ በዐረብኛ እያጽናናች እጇን ያዘቻት። «ሠርፀ ቤታችን ድረስ መጥቶ የእናቴን ዘፈን ቀድቶ ነበር። እናቴ አምና ሞተች። በየጠዋቱ እየደወልኩ እሰማታለሁ። አሁን ዝም ስትለኝ የተበላሸ መስሎኝ ካስተም ሄድኩ፤ መሞቱን እዚያ ነገሩኝ።»

መንበረ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

«ያህያ! ክፈተው።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» አሉ ሴቶቹ።

«ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ወንድሜን በቁሙ ቀበርኩት። ደግሜ አልቀብረውም። ክፈተው!»

አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ሲቀንስ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናነበችና ለመጀመሪያ ጊዜ ደወለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ሠርፀ ነኝ። ዘፈን ለመምረጥ አንድን ተጫኑ» አላት የተቀዳ ድምፁ።

ሐዘን ላይ ናት፤ ዘፈን አትሰማም። አንድን ሳትጫን ዘጋችው። እንደገና ደወለች።