ትምህርት ተዘግቶ ነው

«የኮሌጇ ልጅ ይቺ ናት?» አለች ከሰላ ድንጋይ ለለቅሶ የመጣችው ሴትዮ። የተንሾካሾከች መስሏታል።

«እሷው ናት» አለቻት የለቅሶ ቤቱ ጎረቤት እትዬ አማረች፣ ንፍሮ ከእጇ ላይ እየለቀመች። «አባቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ትምህርት ተዘግቶ ነው› ሲሉን ከረሙ። ምን ዓይነት መዘጋት እንደሆነ እንጃ!»

ሊያ ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ከእናቷ ከቦሰና ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ወልደሩፋኤል የተቀበረው ትናንት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ በድንኳኑ ሸራ ሥር እየገባ ለቀስተኛውን ሁሉ ያኮማትረዋል፤ አባቷ የጀመረው ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ መሸመኛው ላይ፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቀርቶ ተዘርግቷል።

ወሬው አልጎዳትም፤ እውነት ነውና። የሚጎዳት ሌላ ነው። ነገ ሐሙስ ሥልስት ነው። ዓርብ ደግሞ የኮሌጁ ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ነው። የአባቷ ሰባት ሳይወጣ ከለቅሶ ቤት ተነሥታ የምትሄድ ልጅ ግን የት ታይታለች?

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ኮርስ ወደቀች። «ወደቅሁ» ማለት አቃታትና ለማንም ሳትናገር አዲስ አበባ ሄዳ ልብስ ቤት ተቀጠረች። ኮሌጁ ለችግረኛ ልጆች የሚሰጠውን የድጎማ ገንዘብ ወስዳ ነበር፤ ውሉም ያቋረጠ ይመልስ ይላል። ዋሷ አባቷ ስለሆነ ደብዳቤው የመጣው ለእሱ ነው።

ወልደሩፋኤል ባና ሲሠራ ኖረ እንጂ ፊደል አልቆጠረም። ደብዳቤውን ይዞ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ፈንታሁን ዘንድ ሄደ። ፈንታሁን መነጽሩን አድርጎ አነበበለት፦ ልጅዎ ትምህርቷን አቋርጣለች፤ ዘጠኝ ሺህ ብር ይፈለግብዎታል። ወልደሩፋኤል አመስግኖ፣ ደብዳቤውን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ በእድሩ ስብሰባ ላይ አንዱ ስለ ልጁ ሲጠይቀው፣ ያው ፈንታሁን አጠገቡ ተቀምጦ እያለ፣ «ደኅና ናት፤ ትምህርት ተዘግቶ ነው» አለ። ይባስ ብሎም ወደ ፈንታሁን ዞሮ «አይደለም እንዴ?» አለው።

«እንዴታ!» አለ ፈንታሁን።

ምስኪን፣ ውሸት አያውቅበትም ነበር። አንዷን ይዞ ሙጭጭ አለ። በጥቅምትም ተዘግቶ ነው፣ በየካቲትም ተዘግቶ ነው። ሰፈሩ ሳቀበት፤ እሱ ግን አልሰማም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ፈንታሁንም በተጠየቀ ቁጥር «እንዴታ» ከማለት ቦዝኖ አያውቅም።

ባለፈው ሰኔ ሊያ ተመልሳ «አባባ፣ እንደገና መማር እፈልጋለሁ» አለችው። አልተቆጣም። «ስንት ነው የሚሉት?» ብቻ አለ። ኮሌጁ ግማሹን ዕዳ ከፍለሽ ተመዝገቢ አላት። ወልደሩፋኤልም ሸጦ ሊከፍልላት በዚያው ሳምንት ለአንድ ሙሽራ የሚሆን ትልቅ ባና ጀመረ። በዚህ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን መሸመኛው ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ።

ሐሙስ ከፍትሐቱ መልስ ጋሽ ፈንታሁን የእድርተኛውን ስም ጠርቶ ጨረሰና አሥር ሺህ ብር በሁለት እጁ ለቦሰና ሰጣት። እትዬ አማረች ወዲያው የአርባውን ነገር አነሣች። «ወልደሩፋኤል የሰው ሰው ነበር። በሬ ካልተጣለለትማ ሰው ምን ይለናል?» ቦሰና ገንዘቡን መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ሊያም ዓርብን ከልቧ አወጣቻት።

ዓርብ ጠዋት ግን እናቷ ጓዳ ጠራቻት።

«ታጠቢ። ኮሌጅ ትሄጃለሽ።»

«እማዬ፣ ሰባቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሁለት ዓመት ሲል ከረመ፤ ምን የቀረው አለ?» ቦሰና መቀነቷን ፈታች። «ግማሹን እንዳትይ። ዘጠኙንም ክፈያቸው፣ ስሙ ከዚያ ወረቀት ላይ ይነሣ። ለአርባው ጸሎት ይበቃዋል፤ በሬው ይቅር።»

ሊያ ገንዘቡን መቀበል አቃታት። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ከሰኞ ጀምሮ ያፈነችው ሁሉ አንድ ጊዜ ገንፍሎ። «ለእኔ ሲል ነው እዚያ መሸመኛ ላይ የቀረው።»

«ዝም በይ!» ቦሰና እጇን ያዘቻት። «አንቺ ከሄድሽ ወዲያ ሲሠራ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። ከሰኔ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረ ነበር የሚሠራው። አንቺ ተኝተሽ፣ እኔ ነኝ የሰማሁት። ሰኞም ሲያንጎራጎር ነው የሄደው።»

እናትና ልጅ ተከታትለው በድንኳኑ በኩል ወጡ። እትዬ አማረች ቀና አለች። «ወዴት ናት ይቺ፣ በሐዘኗ?»

ቦሰና በሰው ፊት ከለቅሶ ሌላ ቃል ሳይወጣት ሰንብታለች። አሁን ቆም አለች።

«ትምህርት ተከፍቶ ነው» አለች።



«እንዴታ» አለ ጋሽ ፈንታሁን ከአግዳሚው ላይ። መነጽሩንም አወለቀ።

በሩ ላይ ባጃጅ ቆሟል። ቦሰና ልጇን አቁማ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ አራገፈችው። ገለበጠችውና ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ መልሳ አለበሰቻት፤ በእጇም እያሻሸች አስተካከለችላት። ከዚያ የራሷን ነጠላ እንደተዘቀዘቀ ጥብቅ አድርጋ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።